በ2021 በየወሩ ይገባ የነበረው የልጆች ታክስ ክሬዲት፦ ስጦታ ነበር ወይስ የራሳችን ገንዘብ ቀድሞ መምጣቱ?



አሜሪካ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ብዙዎቻችሁ ከጁላይ 15 ቀን 2021 ጀምሮ የባንክ ሒሳባችሁን ስትከፍቱ ያልለመዳችሁት ገንዘብ ገብቶ አግኝታችኋል። ለአንዱ 250፣ ለሌላው 300፣ ለሌላው 550 ዶላር፤ ልጆች ለበዙበት ቤት ደግሞ ከ1,000 ዶላር በላይ። ከገንዘቡ አጠገብ የአይ አር ኤስ ስምና «ቻይልድ ሲ ቲ ሲ» የሚል ምልክት ነበር። ኦገስት 13 ሁለተኛው ዙር ገባ። ሦስተኛው ሴፕቴምበር 15 መጣ፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5፣ እንቁጣጣሽ ገና ሳይረሳ ማለት ነው።

ገንዘቡ ሲገባ ጥያቄውም አብሮ ገባ። «ይህ የምን ገንዘብ ነው? ካጠፋሁት በኋላ መልስ ይሉኛል? ለጎረቤቴ ገብቶ ለእኔ ለምን ቀረ? ብቀበል የግሪን ካርድ ጉዳዬን ያበላሽብኛል?» በዝግጅታችን በንግግር ያቀረብነውን ማብራሪያ ደጋግማችሁ እንድታነቡት እዚህ በጽሑፍ አስፍረነዋል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልን፦ ይህ ገንዘብ በ2022 መጀመሪያ ታክስ ስታሠሩ ታገኙት ከነበረው የልጆች ክሬዲት ላይ ግማሹ ቀድሞ የተሰጣችሁ ነበር። ይህን ያወቀ ሰው በታክስ ሰሞን አይደነግጥም ነበር። ያላወቀ ግን ወይ የሌለ ገንዘብ ይጠብቅ፣ ወይም የሚገባውን ሳይጠይቅ ይቀር ነበር።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

የልጆች ታክስ ክሬዲት አዲስ ነገር አይደለም። ሕጉ የወጣው በ1997 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን ነው፤ በ1998 ሲጀመር ለአንድ ልጅ 400 ዶላር ነበር። ከዚያ እያደገ መጥቶ በ2017 በወጣው የታክስ ሕግ 2,000 ዶላር ደረሰ። ልጅ ያላችሁ ሰዎች በየዓመቱ ታክስ ስታሠሩ የምታገኙት ተመላሽ ወፈር የሚለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ አሮጌው ሕግ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ገቢው አነስተኛ የሆነና የሚከፍለው ታክስ የሌለበት ሰው 2,000ውን ሙሉ አያገኝም ነበር፤ ቢበዛ ለአንድ ልጅ 1,400 ዶላር ነበር የሚደርሰው። በዓመት ሠርቶ ያገኘው ከ2,500 ዶላር በታች ከሆነ ደግሞ ምንም አያገኝም ነበር። በሌላ አነጋገር ሻል ያለ ገቢ ያለው ሙሉውን ሲወስድ፣ ሥራ ያጣችና ሁለት ልጆች ይዛ የቀረች እናት ባዶ እጇን ትቀር ነበር።

ፕሬዚዳንት ባይደን ማርች 11 ቀን 2021 የፈረሙት አሜሪካን ሬስኪው ፕላን የተባለው ሕግ ይህን ለአንድ ዓመት ለወጠው። ለውጦቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ መጠኑ ጨመረ። በ2021 መጨረሻ ዕድሜው ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 3,600 ዶላር፣ ከ6 እስከ 17 ዓመት ለሆነ ደግሞ 3,000 ዶላር ሆነ።

ሁለተኛ፣ ቀድሞ በ17 ዓመታቸው ከክሬዲቱ ይወጡ የነበሩ ልጆች በ2021 ተካተቱ።

ሦስተኛ፣ ምንም ገቢ ያልነበረውም ቤተሰብ፣ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አሜሪካ የኖረ እስከሆነ ድረስ፣ ሙሉውን ማግኘት ይችል ነበር።

አራተኛ፣ የዓመቱ ክሬዲት ግማሽ ታክስ እስኪሠራ ሳይጠበቅ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በስድስት ወር ተከፋፍሎ ተሰጠ። ለትንሹ ልጅ በወር 300፣ ለትልቁ በወር 250 ዶላር ማለት ነው።

በጁላይ ብቻ ወደ 35 ሚሊዮን ለሚጠጉ ቤተሰቦች 15 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተከፍሏል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የድህነት ጥናት ማዕከል ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በሠራው ግምት መሠረት፣ ይህ የእርዳታ ዕቅድ በአጠቃላይ በአሜሪካ የሕፃናትን ድህነት በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችል ነበር። ነገር ግን ሕጉ የተጻፈው ለ2021 ብቻ ነበር። ፕሬዚዳንት ባይደን እንዲራዘም ጠይቀው ነበር፤ ኮንግረሱ ግን አላራዘመውም። ስለዚህ ከዲሴምበር 2021 በኋላ በየወሩ መግባቱ ቆመ።

«ቀድሞ መስጠት» ሲባል ምን ማለት ነው?

አገር ቤት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ከደመወዝ ላይ አስቀድሞ መውሰድን ታውቁታላችሁ። በወሩ አጋማሽ ሒሳብ ክፍል ገብታችሁ ግማሹን ትወስዳላችሁ። ወሩ ሲያልቅ ፖስታው ይሳሳል። ማንም አልሰረቃችሁም፤ ቀድማችሁ ስለወሰዳችሁት ነው። ይህም እንደዚያው ነበር።

በቁጥር እንየው። አንዲት እናት በ2021 የ4 ዓመትና የ9 ዓመት ልጆች ነበሯት እንበል። ለትንሹ 3,600፣ ለትልቁ 3,000፣ በድምሩ ለዓመቱ 6,600 ዶላር ይገባት ነበር። የዚህ ግማሽ 3,300 ዶላር ነው፤ ለስድስት ወር ሲካፈል በወር 550 ዶላር ይመጣላት ነበር። ቀሪውን 3,300 የምታገኘው በ2022 መጀመሪያ የ2021ን ታክስ ስታሠራ ነበር።

አሁን አስተውሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ይህች እናት ለሁለቱ ልጆች 4,000 ዶላር በአንድ ጊዜ አግኝታ ሊሆን ይችላል። የ2021ው በጠቅላላው ከእሱ 2,600 ዶላር ይበልጥ ነበር። ታክስ በምታሠራበት ቀን የምታየው ግን 3,300 ነበር፤ ከቀደመው ዓመት በ700 ያነሰ። ልጆቿ የ7 እና የ12 ዓመት ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ ለዓመቱ 6,000፣ በየወሩ 500፣ በታክስ ሰሞን የሚቀረው 3,000 ይሆን ነበር፤ ከቀደመው ዓመት በ1,000 ያነሰ።

ብዙዎቻችን የታክስ ተመላሹን አስቀድመን መድበን እንደምንጠብቀው የታወቀ ነው። የክሬዲት ካርድ ዕዳ የሚከፈለው፣ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጠው፣ ለእናት ለአባት ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚላከው በእሱ ነው። በየወሩ ይመጣ የነበረው ለዴይኬር፣ ለቤት ኪራይ ወይም ለትምህርት ቤት ዕቃ እንዲውል ነበር። ነገር ግን የታክስ ሰሞኑን ዕቅድ ማስተካከል ያስፈልግ ነበር።

አውሮፓ ያላችሁ ወገኖቻችን «እኛ ዘንድ ይህ የቆየ ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። በ2021 ጀርመን ኪንደርጌልድ የሚባለውን ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ልጅ ለእያንዳንዳቸው በወር 219 ዩሮ ትከፍል ነበር። እንግሊዝም በዚያ ዓመት ለመጀመሪያው ልጅ በሳምንት 21 ፓውንድ ከ15 ፔንስ ትሰጥ ነበር። የአሜሪካው የሚለየው ከታክስ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ነው። በ2021 የተሰጠው በግምት ነበር፤ ሒሳቡ የሚዘጋው በ2022 ነበር።

ለማን ይሰጥ ነበር?

መጀመሪያ ልጁን እንይ። ልጁ በ2021 መጨረሻ 18 ዓመት ያልሞላው፣ ለሥራ የሚያገለግል ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለው፣ ከዓመቱም ከግማሽ በላይ ከእናንተ ጋር የኖረ መሆን ነበረበት። ዓመቱ ከማለቁ በፊት 6 ዓመት የሚሞላው ልጅ በ3,000 ዶላሩ ይታሰብ ነበር። ከማለቁ በፊት 18 የሚሞላው ደግሞ ከዚህ ክሬዲት ይወጣ ነበር፤ በታክስ ጊዜ 500 ዶላር የሚያሰጥ ሌላ ክሬዲት ሊኖረው ይችል ነበር።

በእኛ ባህል በቤታችን ያደገ ሁሉ ልጃችን ነው። ሕጉ ግን ዝምድና ይቆጥራል። የወለዳችሁት፣ በሕግ ያሳደጋችሁት፣ የእንጀራ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ እህትና ወንድም፣ የእህት ወይም የወንድም ልጅ ከእናንተ ጋር ከኖረ ሊቆጠር ይችላል። የአክስትና የአጎት ልጅ ግን እንደ ልጃችሁ ብታሳድጉትም ለዚህ ክሬዲት አይቆጠርም።

ወላጆችን በተመለከተ፣ በ2021 እናትና አባት ሶሻል ባይኖራቸውም አይቲን የሚባለውን የታክስ ቁጥር ይዘው ታክስ የሚሠሩ ከሆነ፣ ሶሻል ላለው ልጃቸው ክሬዲቱን ማግኘት ይችሉ ነበር።  በዚያ ዓመት የሚያስፈልገው የልጁ ሶሻል ነበር።

ገቢን በተመለከተ፣ አንድ ላይ ታክስ የሚሠሩ ባልና ሚስት ገቢያቸው 150,000 ዶላር እስኪደርስ፣ ሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ ሆነው የሚሠሩ 112,500 እስኪደርስ፣ ነጠላ የሆኑ 75,000 እስኪደርስ ሙሉውን ያገኙ ነበር። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 1,000 ዶላር 50 ዶላር ይቀነስ ነበር። ለምሳሌ 160,000 ዶላር ያገኙ ባልና ሚስት ከጠቅላላው ክሬዲት 500 ዶላር ይቀነስባቸው ነበር። ቅነሳው በዚህ መንገድ የሚነካው በ2021 የተጨመረውን ነበር። የቀድሞው 2,000 ዶላር የሚነካው ገቢው እጅግ ከፍ ሲል፣ ለባልና ሚስት ከ400,000፣ ለሌሎች ከ200,000 ዶላር በኋላ ነበር።

ገንዘቡ ያልገባላቸው

አይ አር ኤስ ለማን እንደሚልክ የሚያውቀው የ2020ን፣ እሱ ከሌለ የ2019ን ታክስ አይቶ ነበር። ሁለቱንም ያላሠራ ሰው በመዝገቡ ላይ አልነበረም። እዚህ ላይ ነበር ትልቁ ችግር። ሕጉ ይበልጥ ሊረዳቸው የተነሳው ገቢ የሌላቸውን ወይም አነስተኛ ገቢ ያላቸውን ወላጆች ነው፤ ታክስ ሳያሠሩ የሚቀሩትም ብዙ ጊዜ እነሱው ናቸው። «ሥራ አልሠራሁም፣ ምን ታክስ አለብኝ?» ብላ ቤቷ የተቀመጠች እናት ለሁለት ትንንሽ ልጆች 7,200 ዶላር ቀርቶባት ሊሆን ይችላል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

መፍትሔው ቀላል ነበር። የ2020 ገቢያችሁ ታክስ ለማሠራት ከሚያስገድደው መጠን በታች ከነበረ፣ ታክስ ለማያሠሩ ሰዎች ተብሎ በአይ አር ኤስ ድረ ገጽ ላይ በነፃ የተዘጋጀ መመዝገቢያ ነበር። መጠኑ ለነጠላ 12,400፣ ለሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ 18,650፣ ዕድሜያቸው ከ65 በታች ለሆነ ባልና ሚስት 24,800 ዶላር ነበር። መመዝገቢያው የእናንተንና የልጆቻችሁን ስም፣ የልደት ቀን፣ ሶሻል ቁጥር፣ አድራሻና የባንክ ቁጥር ይጠይቅ ነበር። ከዚያ በላይ ያገኛችሁ ግን፣ ወይም በራሳችሁ ሥራ ወጪ ተቀንሶ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ያተረፋችሁ፣ መደበኛውን ታክስ ማሠራት ነበረባችሁ።

ዘግይቶ የተመዘገበ ሰው ያለፉት ወራት አይቃጠሉበትም ነበር። የሚገባው ግማሽ በቀሩት ወራት ይከፋፈልለት ነበር። ክፍያው በሴፕቴምበር ከጀመረለት ለትንሹ ልጅ 1,800 ዶላሩ በአራት ተካፍሎ በወር 450፣ ለትልቁ 1,500ው በአራት ተካፍሎ በወር 375 ይሆን ነበር። ዲሴምበርም ቢያመልጠው የ2021ን ታክስ ሲያሠራ ሙሉውን በአንድ ጊዜ መጠየቅ ይችል ነበር።

በ2021 ልጅ የወለዳችሁም እንዲሁ ነበራችሁ። አይ አር ኤስ ስለ ሕፃኑ ገና አያውቅም ነበር። ለልጁ ሶሻል ካወጣችሁለት በታክስ ጊዜ 3,600ውን ሙሉ መጠየቅ ትችሉ ነበር። በዲሴምበር 31 የተወለደ ልጅ እንኳ ለዓመቱ ይቆጠራል።

ፍርሃቱ ተገቢ ነበር?

ብዙ ሰው ገንዘቡን ይፈራ የነበረው በሁለት ምክንያት ነበር። አንዱ «ፉድ ስታምፔን ወይም ሜዲኬይዴን ያስቆርጥብኛል» የሚል ነው። አያስቆርጥም ነበር። ይህ ገንዘብ ለእነዚህ እርዳታዎች እንደ ገቢ አይቆጠርም ነበር፤ ታክስም አይከፈልበትም ነበር። ሌላው «ግሪን ካርድ ሳመለክት የመንግሥት ሸክም ነው ይሉኛል» የሚል ነው። በ2021 የታክስ ክሬዲት መቀበል በዚያ ምርመራ ውስጥ አይገባም ነበር። በወሬ ተሸብሮ የልጆችን ገንዘብ መተው አያስፈልግም ነበር።

እነማን መጠንቀቅ ነበረባቸው?

ገንዘቡ በግምት ይላክ ስለነበር በ2021 ኑሯቸው የተለወጠ ሰዎች ቆም ብለው ማሰብ ነበረባቸው። ሦስት ዓይነት ሰዎችን እንጥቀስ።

የመጀመሪያዎቹ ታክሲና ኡበር የምትነዱ፣ ቤት የምታጸዱ፣ ምግብ የምትሸጡ፣ በአጠቃላይ በራሳችሁ የምትሠሩ ናችሁ። ከገቢያችሁ ላይ በየሳምንቱ ታክስ የሚቆርጥ አሠሪ የለም። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ የሚመጣባችሁን የራስ ሥራ ታክስ ብዙ ጊዜ የሚሸፍንላችሁ የልጆቹ ክሬዲት ነበር። በ2021 ግን ግማሹን ቀድማችሁ ወሰዳችሁ። የ7 እና የ12 ዓመት ልጆች ያሉት አንድ ሹፌር በጠቅላላው 3,800 ዶላር ታክስ መጣበት እንበል። ከ6,000ው ክሬዲት 3,000ውን በየወሩ ወስዶታል። ሌላ ክሬዲት ከሌለው የቀረው 3,000 ስለማይበቃ 800 ዶላር ከኪሱ ይከፍል ነበር። አልተጎዳም፤ ግን ካላወቀ ይደነግጥ ነበር። በየወሩ ይገባ ከነበረው ላይ ጥቂት ማስቀመጥ፣ ወይም በየሩብ ዓመቱ ግምታዊ ታክስ መክፈል፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነበር።

ሁለተኛዎቹ የተፋታችሁና ልጁን በየተራ በታክሳችሁ ላይ የምታስገቡ ወላጆች ናችሁ። በ2020 ልጁን ያስገባችው እናት ከሆነች ወርሃዊው ገንዘብ ለእሷ ይገባ ነበር። የ2021 ተራ የአባት ከሆነና ሌላውን መመዘኛ ካሟላ፣ እሱ ሙሉውን 3,000 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ በየወሩ የተቀበለችው እሷ ደግሞ 1,500 ዶላር መልሺ ልትባል ትችል ነበር።

ለዚህ ሕጉ መከላከያ አስቀምጦ ነበር። የ2021 ገቢያቸው ለነጠላ 40,000፣ ለሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ 50,000፣ ለባልና ሚስት 60,000 ዶላር ያላለፈ ሰዎች፣ በልጅ ቁጥር ልዩነት ምክንያት በትርፍ ከተከፈላቸው ለአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ እንዲመልሱ አይጠየቁም ነበር። ገቢው ከዚያ በላይ እየሄደ ሲመጣ መከላከያው ይቀንስ ነበር፤ እጥፍ ሲደርስ፣ ማለትም 80,000፣ 100,000 እና 120,000 ዶላር ላይ፣ ጨርሶ ያበቃ ነበር።

ሦስተኛዎቹ በ2020 በኮሮና ምክንያት ሥራ ቆሞባችሁ በ2021 ሁለታችሁም ወደ ሥራ የተመለሳችሁና ትርፍ ሰዓት የጨመራችሁ ባልና ሚስት ናችሁ። ገቢያችሁ ከ150,000 ዶላር ካላለፈ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ጥቂት ካለፈ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው በታክስ ጊዜ የሚቀራችሁ ገንዘብ ማነሱ ነበር። ገቢያችሁ በብዙ ከጨመረ ግን ታክስ ከሚሠራላችሁ ባለሙያ ጋር መመካከር ያስፈልግ ነበር። ቅድም ያልነው መከላከያ ለልጅ ቁጥር ልዩነት እንጂ ለገቢ ለውጥ አያገለግልም ነበር።

ማቋረጥም ማስተካከልም ይቻል ነበር

በየወሩ ባልቀበለው ይሻለኛል የሚል ሰው ማቋረጥ ይችል ነበር። ይህ ገንዘቡን ማጣት አልነበረም፤ በታክስ ጊዜ ሙሉውን በአንድ ላይ መውሰድ ነበር። የሴፕቴምበሩ ክፍያ እንዳይመጣ የሚፈልግ እስከ ሰኞ ኦገስት 30 እኩለ ሌሊት ድረስ በአይ አር ኤስ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ማቋረጥ ነበረበት። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለታችሁም በየራሳችሁ ማቋረጥ ነበረባችሁ። አንዱ ብቻ ካቋረጠ የሌላው ድርሻ፣ ማለትም ግማሹ፣ መምጣቱን ይቀጥል ነበር። በወቅቱ መልሶ መጀመር አይቻልም ነበር።

በዚያው ገጽ ላይ የባንክ ቁጥር መለወጥ ይቻል ነበር፤ ከኦገስት 2021 ጀምሮም የፖስታ አድራሻ መቀየር ተጨመረ። ይህ በተለይ ቤት ለቀየራችሁ ይጠቅም ነበር። በጁላይ ባንክ የገባላቸው አንዳንድ ቤተሰቦች የኦገስቱን ገንዘብ በሥርዓቱ ችግር ምክንያት በፖስታ በቼክ ነው ያገኙት። አድራሻችሁ አሮጌ ከሆነ ቼኩ የሚሄደው ወደማታውቁት ሰው ደጅ ነበር።

ለመግባት ማንነታችሁን በመንጃ ፈቃድ ወይም በፓስፖርትና በስልክ በምታነሱት የራሳችሁ ፎቶ ማረጋገጥ ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ አይ አር ኤስ ነኝ ብሎ ለሚደውል፣ በጽሑፍ መልእክት ወይም በኢሜይል ሊንክ ለሚልክላችሁ ሰው ምንም አትስጡ። አይ አር ኤስ በዚህ መንገድ ሶሻል ቁጥርና የባንክ ቁጥር አይጠይቅም። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ አባቶችና እናቶች ልጃችሁን ወይም የምታምኑትን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ሥሩ። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰውም በሠራው ላይ ስሙንና የአዘጋጅነት ቁጥሩን ጽፎ መፈረም አለበት። ገንዘብ ተቀብሎ አልፈርምም የሚል ካለ ትታችሁት ውጡ። በ2021 ገቢያቸው በዓመት 57,000 ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ ሰዎች ቪታ የሚባለው አገልግሎት በነፃ ታክስ ይሠራ ነበር።

ስለ ደብዳቤው

በጃንዋሪ 2022 አይ አር ኤስ 6419 የሚል ቁጥር ያለበት ደብዳቤ ላከላችሁ። በዓመቱ ውስጥ ስንት እንደተከፈላችሁና ለስንት ልጅ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነበር። ባልና ሚስት ለየብቻ ይደርሳችሁ ነበር፤ ሁለቱንም ይዞ መሄድ ያስፈልግ ነበር። የተጻፈው ቁጥርና በታክሱ ላይ የሚሞላው ቁጥር ካልተስማማ ተመላሻችሁ ለወራት ሊዘገይ ይችል ነበር። ከአይ አር ኤስ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ የሚከርምበት ቤት ብዙ ነው። ይህንን ግን በመጣበት ቀን መክፈት ያስፈልግ ነበር።

አንድ ነገር እንጨምር። ያለፈ ዓመት የታክስ ዕዳ ወይም ያልተከፈለ የልጅ ማሳደጊያ ከነበረባችሁ፣ በየወሩ ይገባ ከነበረው ላይ አይቆረጥም ነበር። በታክስ ጊዜ ከሚመጣው ተመላሽ ላይ ግን ሊቆረጥ ይችል ነበር።

አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎቻችን

«አሜሪካ ለልጅ ገንዘብ ማደል ጀመረች» የሚል ወሬ እናንተም ዘንድ እንደደረሰ እናውቃለን። እውነቱን ከላይ አይታችኋል። ገንዘቡ ለዴይኬርና ለኪራይ የመጣ ነበር፤ ከፊሉ ደግሞ በየዓመቱ ይመጣ የነበረው ተመላሽ ጊዜውን ቀይሮ ነበር። እዚህ ያለው ልጃችሁ ወይም እህታችሁ በ2022 መጀመሪያ እንደ ወትሮው ካልላከ ጨክኖ እንዳይመስላችሁ።

አያቶች ዘንድ ልጆች ያስቀመጣችሁ ወላጆችም አንድ ነገር እወቁ። ሶሻል የሌለው ልጅ ለዚህ ክሬዲት አይቆጠርም። እዚህ ተወልዶ ሶሻል ያለው ልጅም ዓመቱን በአብዛኛው አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ ከእናንተ ጋር ኖረ ለማለት ያስቸግራል። ለእረፍት፣ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ለጊዜው መለየት በሕጉ በሌላ መልኩ ስለሚታይ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያላችሁ ባለሙያ ጠይቁ። «ማን ያውቅብኛል» ብሎ አብሮ የማይኖርን ልጅ ማስገባት ግን የተወሰደውን ከነቅጣቱ ያስመልሳል፤ ለወደፊቱም ክሬዲቱን ያስከለክላል።

ለማጠቃለል፣ በ2021 በየወሩ የገባው ገንዘብ የዓመቱ ክሬዲት ግማሽ ነበር። በራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ጥቂት ማስቀመጥ ነበረባቸው። ልጁን ከሌላ ወላጅ ጋር በየተራ የሚያስገቡም መነጋገር ነበረባቸው። ያልገባላቸውም የሚገባቸው መሆኑን አጣርተው መመዝገብ ነበረባቸው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያን ጊዜ ልትውሉት የምትችሉት አንድ ውለታ ነበር። በጎረቤታችሁ፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ፣ በመስጊዳችሁ ታክስ የማታሠራ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት አትጠፋም ነበር። ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦውን ይዛችሁ ስትጠይቋት፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ አብራችኋት ተቀምጣችሁ ልታስመዘግቧት ትችሉ ነበር። ለልጆቿ ከዚህ የተሻለ የአዲስ ዓመት ስጦታ አይገኝም ነበር።